አይጥ በበላ

ሰላ ድንጋይ አክስቴ ቤት፣ ጎታው ሥር ያለውን ወለል በደረቁ መጥረግ ያስቆጣ ነበር። «ውኃ ረጨት አድርግበት እንጂ! የአይጥ አቧራ ልታስምገን ነው?» ይሉኛል። እኔ የተማርኩት ሰውዬ በሆዴ እስቅ ነበር።

የሳቄን ዋጋ ያሳየኝ የሩቅ አገር ታሪክ ነው። (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ልጥራ።) በ1993 ግንቦት ወር፣ አራት የአሜሪካ ክፍለ ግዛቶች በሚገናኙበት በናቫሆዎች አገር፣ አንድ ጤነኛ ሯጭ ወጣት ትንፋሽ አጥሮት ሞተ። ሲሄድ የነበረው ወደ እጮኛው ቀብር ነው፤ እሷም የሞተችው እንደሱው ነበር። ሐኪሞች ሲያጠያይቁ ሌሎችም ተገኙ። ከታመሙት ከግማሽ በላይ አለቁ። ወሬው ግን በሽታውን «የናቫሆ ጉንፋን» አለውና ሕዝቡ ይሸሽ ጀመር። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ይሏል ይኼ ነው።

የናቫሆ ሽማግሌዎች ግን የሚናገሩት ነበራቸው። በረዶና ዝናብ በርትቶ የጥድ ፍሬ ሲትረፈረፍ አይጥ ይበዛል፤ በ1918ና በ1933ም እንዲህ ያለ ሞት መጥቶ ነበር፤ አይጥና ቤት መለያየት አለባቸው አሉ። ቤተ ሙከራውም በሳምንታት ውስጥ እዚያው ደረሰ። ገዳዩ ሃንታ ቫይረስ፣ ተሸካሚዋ የዱር አይጥ፣ መንገዱም ሽንቷና ኩሷ ያረፈበት አቧራ ሆኖ ተገኘ። ከዚያ ፍለጋው መላ አገሪቱን አዳረሰ። ምክንያቱ ሳይታወቅ የሞቱ ሰዎች ናሙና ከየመደርደሪያው ወርዶ ሲመረመር፣ በ1959 ዩታ ውስጥ የታመመ ሰው ተገኘ። በሽታው የናቫሆም፣ አዲስም አልነበረም ማለት ነው። ነዋሪዎቹ በአገራችን ስም አይጠራብን ስላሉ ቫይረሱ «ሲን ኖምብሬ» ተባለ፤ በስፓኒሽ «ስም የለሽ» ማለት ነው።

እኛስ? በ2012 የመቀሌ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪና የአውሮፓ ባልደረቦቹ፣ በባለ ነጭ እግሩ የኢትዮጵያ ደጋ አይጥ ላይ ሃንታ ቫይረስ ማግኘታቸውን አሳተሙ። «ትግራይ ቫይረስ» ይባላል። አይጥ ላይ ተገኘ ማለት ሰው ታመመ ማለት አይደለም። ስሙም አይጧ የተያዘችበትን ቦታ ይናገራል እንጂ ሕዝብ አይናገርም። በስም ሰው ስንለይ በኖርንበት አገር ይኼን ደግሞ መናገር ያስፈልጋል።

የዛሬ ሐኪሞች ምክር እንዲህ ነው፦ አይጥ የዋለበትን ቤት በርና መስኮት ከፍታችሁ አናፍሱ፤ በረኪና በተቀላቀለበት ውኃ አርሱት፤ በደረቁ አትጥረጉ። አክስቴ በረኪና አልነበራቸውም። ውኃውን ግን ያውቁ ነበር። ከማን ሰምተውት ይሆን? ለመጠየቅ ሳልበቃ አረፉ።