የሚስማር ዋጋ በቦስተን ችሎት

በ1639 እ.ኤ.አ. መገባደጃ በሰሜን አሜሪካ የእንግሊዝ ቅኝ ግዛት የነበረችው የማሳቹሴትስ ጠቅላይ ሸንጎ ሮበርት ኬይን የተባለ የቦስተን ነጋዴ ከሶ አቆመ። በደሉ ሚስማር፣ የልብስ ቁልፍና የፈረስ ልጓም አስወድዶ መሸጡ ነው። በአንድ ሽልንግ ዕቃ ላይ ከ6 ፔንስ በላይ፣ በጥቃቅኑ ደግሞ እጥፍ ያተርፋል ተባለ። ሽልንግ ያኔ 12 ፔንስ ነበር። ትርፍን የሚገድብ በሥራ ላይ ያለ ሕግ አልነበረም፤ ሸንጎው ግን 200 ፓውንድ ቀጣው፣ ኋላም ወደ 80 ዝቅ አደረገለት።

ኬይን ጸሎተኛ ፒዩሪታን፣ ማለትም ጥብቅ እንግሊዛዊ ፕሮቴስታንት ነበር። የሰባኪውን የጆን ኮተንን ስብከት እየተከታተለ በደብተር ይጽፍ ነበር። ያው ኮተን በእሱ ጉዳይ ላይ ሰበከ። በርካሽ ገዝቶ የተቻለውን ያህል አስወድዶ መሸጥ ስሕተት ነው አለ። ዕቃው ባሕር ላይ የጠፋበት ነጋዴ ኪሳራውን በቀረው ዕቃ ዋጋ ማካካስ አይገባውም፤ የደረሰበት ከፈጣሪ ነውና ጎረቤቱ ሊከፍልለት አይገባም። ዕቃ በአገር ሁሉ ሲጠፋ ዋጋ ቢጨምር ግን አይከለከልም። ኬይን በቤተ ክርስቲያን ፊት እያለቀሰ ስግብግብነቱን አመነ። ቁስሉ ግን አልዳነም፤ በ1653 የጀመረው ኑዛዜ 158 ገጽ ሲሞላ፣ ብዙው ስለዚያ ፍርድ የሚሟገት ነው።

ሕዝቡም በኬይን ተቆጥቶ ነበር፤ ያለ ምክንያት ግን አልነበረም። ሚስማሩም ጨርቁም ከእንግሊዝ በመርከብ ይመጣል፤ የሚገዛበት ገንዘብ የሚገኘው ደግሞ አዲስ መጤዎች ለከብትና ለእህል ከሚከፍሉት ነበር። ከ1640 ጀምሮ እንግሊዝ በፖለቲካ ስትታመስ ስደቱ ቆመ። 20 ፓውንድ ታወጣ የነበረች ላም 5 ፓውንድ ገደማ ወረደች። ያኔ ቅኝ ግዛቱ ዓሣና ጣውላ ወደ ካሪቢያን ደሴቶች በሚልኩት ነጋዴዎች ላይ ተደገፈ፤ በዚያ የስኳር እርሻው በባሪያ ጉልበት ይለማ ነበር።

እኔን የሚያሳዝነኝ እዚህ ላይ ነው። ኬይን ከመከሰሱ በፊት፣ በ1638፣ ‹ዲዛየር› የተባለች መርከብ ጥጥ፣ ትንባሆና አፍሪካውያን ጭና ቦስተን ገብታለች፤ ስትሄድ ፔኮት ከተባሉት የአገሩ ተወላጆች ጋር በተደረገው ጦርነት የተማረኩትን ወስዳ ነበር። ለሚስማር ትርፍ ሳንቲም የቆጠረው ሸንጎ በ1641 ባወጣው ሕግ፣ በጦርነት የተማረኩትንና የተሸጡ ባዕዳንን በባርነት መያዝ ፈቀደ።