የይፋት ጥንታዊ ከተሞች

የይፋት ጥንታዊ ከተሞች በአማራ ክልል፣ በሰሜን ሸዋ፣ በሸዋ ሮቢት አካባቢ የሚገኙ የመካከለኛው ዘመን የሙስሊም ከተሞች ፍርስራሾች ናቸው። ከነዚህ መካከል አስበሪ፣ ኖራ፣ ማሰልና አውፋት ይጠቀሳሉ። የይፋት ሱልጣኔት ለረጅም ጊዜ በአብዛኛው ከዜና መዋዕልና ከዓረብ ጸሐፊዎች መጻሕፍት ብቻ ይታወቅ ስለነበር፣ ፍርስራሾቹ ለኢትዮጵያ ታሪክ ትልቅ ማስረጃ ናቸው።

አቀማመጥ

ሸዋ ሮቢት ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ 225 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። ከደብረ ብርሃን የሚመጣ መንገደኛ የጣርማ በርን ዋሻ አልፎ በደብረ ሲና በኩል ወደ ቆላው ይወርዳል። ሮቢና ጀውሃን የመሳሰሉ ወንዞች ከደጋው ተነሥተው ወደ አዋሽ ተፋሰስ ይፈስሳሉ። ጥንታዊዎቹ ከተሞች የተሠሩት ከሸለቆዎቹ ከፍ ብለው፣ በደጋውና በቆላው መካከል ባሉ ኮረብታዎችና ተዳፋቶች ላይ ነው። ከዘይላ ወደብ ተነሥቶ በረሃውን የሚያቋርጠው የሲራራ ንግድ ወደ ደጋው የሚወጣው በዚሁ አካባቢ ስለነበር፣ ቦታው የንግዱን መስመር ለመቆጣጠር ያመች ነበር።

ታሪክ

በ13ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ዑመር ወላስማ የመሠረተው የወላስማ ሥርወ መንግሥት የሸዋን ሱልጣኔት አሸንፎ ይፋትን ኃያል አደረገ። በ14ኛው ክፍለ ዘመን የጻፈው አል-ዑመሪ ይፋትን ከሰባቱ የኢትዮጵያ ሙስሊም ግዛቶች አንዷ አድርጎ ይቆጥራታል። እ.ኤ.አ. በ1332 ዓፄ አምደ ጽዮን በሱልጣን ሰብረዲን ላይ ዘመተ፤ ካሸነፈውም በኋላ ወንድሙን ጀማልዲንን ሾመ። በ15ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ሱልጣን ሰዓደዲን ዘይላ ላይ ተገደለ። ልጆቹ ወደ የመን ከተሰደዱ በኋላ ተመልሰው የአዳልን ሱልጣኔት መሩ።

ፍርስራሾቹ

የአካባቢው ነዋሪዎች ፍርስራሾቹን ከጥንት ጀምሮ ያውቋቸዋል። እ.ኤ.አ. ከ2000ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ፍራንሷ-ዣቪዬ ፎቬልና ቤርትራን ሂርሽ የመሩት የፈረንሳይ አርኪዮሎጂስቶች ቡድን ጥናት አካሄደባቸው። በየቦታው የድንጋይ ቤቶች፣ መስጊዶችና የመቃብር ስፍራዎች ተገኝተዋል። ኖራ ላይ የመስጊዱ ግድግዳ ከፊሉ ቆሞ ይታያል። መካ ከሸዋ ሮቢት በቀጥታ ወደ ሰሜን ስለምትገኝ፣ በዚህ አገር የመስጊድ ሚህራብ ወደ ሰሜን ይዞራል፤ ይህም ጣሪያው የወደቀን መስጊድ ከመኖሪያ ቤት ለመለየት ይረዳል። በአውፋት የወላስማ ቤተሰብ አባላት ስም በዓረብኛ የተቀረጸባቸው የመቃብር ድንጋዮች ተገኝተዋል። በመጻሕፍት የሚታወቁት ሱልጣኖች ከዚህ ቦታ ጋር በእርግጠኝነት የተያያዙት በነዚህ ጽሑፎች ነው።

የአርጎባ መንደሮች

በተዳፋቱ ላይ ዛሬም የአርጎባ ሕዝብ ይኖራል። አርጎባዎች በንግድ፣ በሽመናና በድንጋይ ቤቶቻቸው ይታወቃሉ፤ ቋንቋቸውም የአማርኛ የቅርብ ዘመድ ነው። ከሸዋ ሮቢት በስተደቡብ፣ ከአንኮበር በታች የምትገኘው አልዩ አምባ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የሸዋ ታላቅ ገበያ ነበረች። እንግሊዛዊው ተጓዥ ቻርልስ ጆንስተን በ1840ዎቹ መጀመሪያ እዚያ ኖሮ ስለ ከተማዋ ጽፏል።

ጥበቃ

የፍርስራሾቹ ድንጋዮች ያለ ጭቃ ምርጊትና ያለ ጣሪያ ለዝናብና ለዛፍ ሥር የተጋለጡ ናቸው። ከግድግዳ የወጣ ድንጋይ ለእርሻ ክትር ወይም ለአዲስ ቤት ቢወሰድ የቤቱ ቅርጽ አብሮ ይጠፋል። በቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ያለ ፈቃድ የአርኪዮሎጂ ቁፋሮ ማካሄድ ክልክል ነው። ቦታዎቹን ለመጎብኘት ከክረምት ውጭ ያለው ጊዜ ይመረጣል፤ በሐምሌና በነሐሴ ወንዞቹ በደራሽ ጎርፍ ይሞላሉ።