የጎንደር ግንብና ወራሾቹ፤ ከስሜን ግርጌ እስከ አዲስ አበባ

ሰው ቤት የሚሠራው ከብርድና ከሐሩር ለመጠለል ብቻ አይደለም። የመጣበትን ወገን፣ የሚኮራበትን ታሪክና የሚመኘውን ማዕረግ በግድግዳውና በጣራው ለመንገደኛው ሁሉ ይናገርበታል። አዲስ ቤት ሲሠሩ ያለፈውን ዘመን መልክ የሚመርጡ ሰዎች በየአገሩ የሚገኙትም ስለዚህ ነው። እንግሊዞች የፓርላማቸው ቤት በ1827 ዓ.ም. በእሳት ከጠፋ በኋላ እንደገና ሲያሠሩት የመካከለኛውን ዘመን አሠራር መረጡ። በአሜሪካ ታላላቅ ከተሞችም ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ሀብት ያገኙ ሰዎች የጥንቱን የእንግሊዝ ወይም የእስፓንያ ቤት የሚመስል መኖሪያ ማሠራት ወድደው እንደ ነበረ ዛሬም በየሰፈሩ የቆሙት ቤቶች ይመሰክራሉ።

እኛም ኢትዮጵያውያን ለዚህ ነገር እንግዶች አይደለንም። የጥንት ቤት ሲባል ከሁሉ አስቀድሞ በሐሳባችን የሚመጣው የጎንደር ግንብ ነው። በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ይህ ግንብ ከራሱ ዘመን በኋላ በስሜን፣ በመቀሌና በአዲስ አበባ እንዴት እንደ ተወረሰ፣ ዛሬስ ስለ ምን እንደሚወደድና ፍቅራችን ምን እንደ ጐደለው ነው። የምንጠቅሰው ዓመተ ምሕረት ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው።

ከጎንደር ተነሥቶ ወደ ሰሜን የሚሄድ መንገደኛ አምባ ጊዮርጊስንና ዳባትን አልፎ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘ በኋላ ደባርቅ ይደርሳል። ከደባርቅ በላይ የስሜን ተራራ፣ ከደባርቅ ወዲያ የሊማሊሞ ቁልቁለት ነው። በዚህ ደጋ አገር የገበሬው ቤት ክብ ሆኖ ግድግዳው በድንጋይና በጭቃ፣ ወይም በእንጨትና በጭቃ ሲሠራ ጣራው በሣር ይከደን ነበር። ብርዱ በሚበረታበት በተራራው ላይ ከብቱ በታች፣ ሰው በቆጥ ላይ የሚያድርበት ቤትም አለ። በከተማው ውስጥ ግን የባሕር ዛፍ እንጨትና የቆርቆሮ ጣራ የሣሩን ቦታ ወስደዋል። በኖራ የተያያዘ ግንብ የመሳፍንትና የነገሥታት፣ የቤተ ክርስቲያንም ምልክት ስለ ነበረ፣ ክብ ቤት ውስጥ ተወልዶ ያደገ ሰው ግንብን ሲያይ ከድንጋዩ አልፎ ሥልጣንንና ዘላቂነትን ያያል። የጎንደር ግንብ ፍቅር ሥሩ ከዚህ ላይ ነው።

ከጎንደር መቆርቆር አስቀድሞ በእንፍራዝ አጠገብ ያለው የጉዛራ ግንብ ተሠርቶ ነበር፤ ይህም ለዐፄ ሠርፀ ድንግል ይነገራል። ዐፄ ፋሲል በ1628 ዓ.ም. ጎንደርን መናገሻ ካደረጉ በኋላ ያሠሩት ግንብ ግን ከሁሉ ይበልጥ ስሙ ተጠራ። ጥቁሩ ድንጋይ በኖራ ተያይዞ፣ የበሩና የመስኮቱ ቅስት በቀላ ያለ ድንጋይ ተከብቦ፣ በአራቱ ማዕዘን አናታቸው እንደ እንቁላል የሞለሞለ ክብ ማማዎች ቆመውለት፣ የሰገነቱ ዙሪያ ጥርስ ጥርስ ሆኖ ይታያል። ከየመን ኢማም ተልኮ በ1640 ዓ.ም. ወደ ጎንደር የመጣው ሐሰን አል ሐይሚ ይህን ቤት አይቶ አድንቆታል፤ ሠሪውም ከህንድ የመጣ ሰው መሆኑን ጽፏል። የፖርቱጋሎችም የአሠራር ልማድ በዚያው ዘመን በአገሩ ውስጥ የታወቀ ነበር። እንግዲህ ግንቡ ከመጀመሪያው የውጭ ዕውቀትና የአገር ድንጋይ፣ የባዕድ ሥልትና የኢትዮጵያዊ ንጉሥ ፈቃድ ተጋብተው የወለዱት ነው። ይህም ክብሩን ይጨምርለታል እንጂ አይቀንስበትም።

ይልቁንም ልብ ልንለው የሚገባ ሌላ ነገር አለ። ከዐፄ ፋሲል በኋላ የነገሡት ዐፄ ዮሐንስ፣ ዐፄ ኢያሱ፣ ዐፄ ዳዊት፣ ዐፄ በካፋ፣ እቴጌ ምንትዋብም በዚያው ግቢ ውስጥ እያንዳንዳቸው የራሳቸውን ሕንጻ አሠሩ። ልጅ የአባቱን ግንብ አፍርሶ በፍራሹ ላይ አልሠራም፤ ከጎኑ ሌላ አቆመ እንጂ። ዛሬ በ7 ሄክታር ያህል ቦታ ላይ፣ 12 በር ባለው ቅጥር ውስጥ የምናየው የፋሲል ግቢ የብዙ ትውልድ ሥራ ሆኖ የቆየን በዚህ ልማድ ነው። ያለፈውን መልክ መከተል በጎንደር ሲጀመር የፊተኛውን ሳይነኩ በመጠበቅ የተጀመረ መሆኑን በዚህ እንረዳለን።

በዘመነ መሳፍንት የጎንደር ነገሥታት ኃይላቸው ቢደክምም የሕንጻ ክብር አልደከመም። የስሜኑ ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም ከ1823 ዓ.ም. ጀምሮ በስሜን ላይ ትግሬን ጨምረው ሲገዙ፣ ታላቅነታቸውን በሕንጻ ለመግለጽ በስሜን ምድር በደረስጌ የማርያምን ቤተ ክርስቲያን አሠሩ። በ1829 ዓ.ም. ወደ አገራችን የገባው ጀርመናዊ የዕፀዋት ተመራማሪ ቪልሄልም ሺምፐርና የአገሩ ሰው ሠዓሊው ኤድዋርድ ዛንደር በሥራው አገልግለዋቸዋል። ውቤ በዚህች ቤተ ክርስቲያን ዘውድ ለመጫን አስበው እንደ ነበረ ይነገራል። ነገር ግን በየካቲት ወር 1847 ዓ.ም. ደጃዝማች ካሣ ኃይሉ በደረስጌ ጦርነት ድል አደረጓቸውና፣ በጥቂት ቀን ውስጥ በዚያችው ቤተ ክርስቲያን በአቡነ ሰላማ እጅ ተቀብተው ዐፄ ቴዎድሮስ ተባሉ። ያሠራው አንዱ፣ የነገሠበት ሌላው ሆነ። ሕንጻ ለሥልጣን ምን ያህል አስፈላጊ ሆኖ ይታሰብ እንደ ነበረ ከዚህ የተሻለ ምስክር አይገኝም።

ከዚያ በኋላ ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ከ1874 እስከ 1876 ዓ.ም. ባለው ጊዜ በመቀሌ ቤተ መንግሥታቸውን አሠሩ። የሥራው መሪ ጣልያናዊው አናጢ ጃኮሞ ናሬቲ ሲሆን፣ ከርሱ ጋር የሠራው በኢትዮጵያ የተወለደው የሺምፐር ልጅ ነበረ። አባት በደረስጌ የጀመረውን ሥራ ልጁ በመቀሌ ቀጠለ ማለት ነው። የመቀሌውን ቤተ መንግሥት የድንጋይ ግድግዳ፣ ማማውንና ጥርሳሙን የሰገነት ዙሪያ የሚመለከት ሰው ጎንደርን ሳያስታውስ አያልፍም። ንጉሠ ነገሥቱ ከአዲሱ ከተማቸው ላይ ሆነው የጥንቶቹ ነገሥታት ወራሽ መሆናቸውን በድንጋይ ተናገሩበት።

የአዲስ አበባ ነገር ከዚህ ይለያል። እቴጌ ጣይቱ የደጃዝማች ውቤ ወንድም የራስ ብጡል ኃይለ ማርያም ልጅ ናቸው። በ1879 ዓ.ም. በፍል ውሃ አጠገብ ቤት አሠርተው ለአዲሲቱ ከተማ ስም በሰጡ ጊዜ፣ የመዲናችን ስም የወጣው ከስሜን መሳፍንት ወገን በሆኑ እመቤት አንደበት ነው። ይሁን እንጂ የፋሲል ግንብ በአዲስ አበባ አልተገለበጠም። ከጎንደር የተወረሰው የግቢው ሥርዓት ነው፤ ይኸውም ቅጥሩ፣ በየማዕረጉ የሚገባበት በር፣ እልፍኙ፣ አዳራሹና በአቅራቢያው የሚሠራው ቤተ ክርስቲያን ነው። በፋሲል ግቢ ፊት በር የሚባል በር እንዳለ ሁሉ በአዲስ አበባም ቤተ መንግሥት ፊት በር አለ፤ ስሙም ለሰፈሩ ተርፏል።

የአዲስ አበባ መኳንንት ቤት ግን የራሱን መልክ ያዘ። እንደ ወሊ መሐመድ ያሉ የህንድ ግንበኞች፣ እንደ ሚናስ ኸርበግያን ያሉ አርመኖች ከአገሬው አናጢና ድንጋይ ጠራቢ ጋር እየሠሩ፣ ሰፊ በረንዳ፣ በእንጨት ጥልፍ ያጌጠ ሰገነትና ከፍ ያለ የቆርቆሮ ጣራ ያለውን ቤት ፈጠሩ። የጦር ሚኒስትር የነበሩት የራስ ብሩ ወልደ ገብርኤል ቤት ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ሲሆን ዛሬ የአዲስ አበባ ሙዚየም ነው። በእቴጌይቱ ስም የሚጠራው ጣይቱ ሆቴልም ከዚሁ ወገን ነው፤ በጥር ወር 2007 ዓ.ም. እሳት ከፊሉን ቢያጠፋውም ታድሶ ቆሟል። ይህ አሠራር እንደ ጎንደር ግንብ የውጭ ዕውቀትና የአገር እጅ ተጋብተው የወለዱት ስለ ሆነ፣ መልኩ ባይመሳሰልም የግንቡ እውነተኛ ወራሽ ነው ለማለት እንደፍራለን።

ጣልያኖች በ1928 ዓ.ም. ጎንደርን ከያዙ በኋላ ጌራርዶ ቦዚዮ የተባለው መሐንዲስ የከተማውን ፕላን አወጣ። በፒያሳ የቆሙት ፖስታ ቤቱና ሲኒማው በዘመኑ ፋሽን ቀጥ ባለ መስመር የተሠሩ ናቸው፤ ግንቡን አይኮርጁም። የግንቡ መልክ ለሕዝብ ሁሉ የተሠራጨው ከዚያ ወዲህ በሥዕልና በኅትመት ነው። በ1969 ዓ.ም. በወጣው የ50 ብር ኖት ጀርባ ላይ የፋሲል ግንብ ታትሞ ጎንደርን አይቶ በማያውቅ ሰው ኪስ ውስጥ ሳይቀር ገባ። የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅት የስሜንን ተራሮች በ1970፣ የፋሲል ግቢን በ1972 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ ደግሞ ክብሩ ዓለም አቀፍ ሆነ።

ዛሬ በአዲስ አበባ በአጥሩ በር ላይ የግንቡን ጥርስ ያስቀመጠ መኖሪያ ቤት፣ በማዕዘኑ ላይ ክብ ማማ ያቆመ ሆቴል ማየት ብርቅ አይደለም። ስለ ምን ይወደዳል ብለን ብንጠይቅ ሦስት ምክንያት እናገኛለን። የመጀመሪያው ክብር ነው፤ ግንብ የነገሥታት ነበረና። ሁለተኛው ናፍቆት ነው፤ ከበጌምድርና ከስሜን ወጥቶ በመዲናይቱ ኑሮውን የመሠረተ ሰው የአገሩን ምልክት በደጁ ሊያይ ይወድዳል። ሦስተኛው ግን ከሁሉ የሚጠልቅ ይመስለናል። ከተማው በየዓመቱ መልኩን ሲለውጥ፣ የመስተዋት ፎቅ በመስተዋት ፎቅ ላይ ሲነሣ፣ ሰው የማይናወጥ ነገር ይፈልጋል፤ አራት መቶ ዓመት ሊሞላው የተቃረበ ድንጋይም ይህን ተስፋ ይሰጠዋል።

ይህን ምኞት አንነቅፍም። የምንነቅፈው ምኞቱ በመልክ ብቻ መርካቱን ነው። ከሲሚንቶ የተጣለ ጥርስና ከብሎኬት የተሠራ ማማ በቀለም ድንጋይ ቢመስሉም ጥበቡን አይሸከሙም። ኖራን አቃጥሎ፣ አብርዶ፣ ከአሸዋ ጋር ለውሶ ድንጋይን ማያያዝ፣ ቅስትን ያለ ብረት ማቆም የሚያውቀው ግንበኛ ከጠፋ፣ የቀረን የግንብ ሥዕል ነው። ለዚህም የፋሲል ግቢ ራሱ ምስክር ሆኖናል። አስቀድሞ በተደረገው ጥገና የገባው ሲሚንቶና ብረት የማይስማማው ሆኖ ስለ ተገኘ፣ በኋላ የተሠራው ሥራ ወደ ኖራው መመለስ ግድ ሆኖበታል። ግንቡን ያቆመው ጥበብ የሚጠግነውም ጥበብ ነው። በግንብ አገር ኖራ የሚያውቅ ግንበኛ ፍለጋ የሚወጣ ከሆነ «የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው» የተባለው ተረት በእኛ ላይ ደረሰ ማለት ነው።

ከዚህም የሚከፋው አዲሱን የጥንት መልክ እያስጌጥን እውነተኛውን የጥንት ቤት ማጣታችን ነው። በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ ሰፈር ብዙው ክፍል ሲፈርስ በረንዳውና የእንጨት ጥልፉ አብሮ የሄደ ቤት ጥቂት አልነበረም። ከተማ ማደግ፣ መንገድም መስፋት እንዳለበት እናምናለን፤ ሕዝቡም የተሻለ መኖሪያ ይገባዋል። ነገር ግን የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 የወጣው ልማትን ለመከልከል ሳይሆን የሚቀረውንና የሚሄደውን በዕውቀት ለመለየት ነው። ያረጀ ሁሉ ቅርስ አይደለም፤ ያረጀ ሁሉ ፍርስራሽም አይደለም። ይህን ለመለየት ቤቱ ከመፍረሱ በፊት መለካት፣ ፎቶግራፍ መነሣትና ታሪኩ መጻፍ አለበት። ከፈረሰ በኋላ የሚጻፍ ታሪክ ሐዘን ነው።

እንግዲህ በዳባት፣ በደባርቅና በአካባቢው ላሉ ባለሥልጣኖች፣ መምህራንና ተማሪዎች የምናሳስበው ይህ ነው። የስሜን ግርጌ ከተሞች በማደግ ላይ ናቸው፤ ደባርቅ የዩኒቨርሲቲ ከተማ ከሆነች ወዲህ በየጊዜው አዲስ ሕንጻ ይነሣባታል። ለሚሠራው ትምህርት ቤት፣ ጤና ጣቢያና ጽሕፈት ቤት የአገሩ ድንጋይና የአገሩ ግንበኛ ቢፈለግ፣ ለብርዱ የሚስማማው ወፍራም ግድግዳ ቢታሰብበት፣ ጥርስ ባይለጠፍበትም የጎንደር ልጅነቱ ይታወቃል። የሙያ ትምህርት ቤቶች ከሲሚንቶው ጐን የኖራን ሥራ ቢያስተምሩ፣ ደረስጌንና የፋሲልን ግቢ የሚጠግን እጅ ከዚሁ አገር ይገኛል። ተማሪዎችም በዕረፍታቸው የአያቶቻቸውን ክብ ቤት ለክተው፣ የምሰሶውን፣ የማገሩንና የቆጡን ስም ከሽማግሌዎች ጠይቀው ቢጽፉ፣ ዛሬ ቀላል የሚመስለው ሥራ ነገ ዋጋ የማይገኝለት መዝገብ ይሆናል።

የጎንደር ነገሥታት አዲስ ሲሠሩ የአባቶቻቸውን ሥራ ከጎኑ አቆዩት። እኛም የጥንቱን መልክ መውደዳችን እውነት እንዲሆን ከተፈለገ፣ አዲሱን ግንብ ከማስመሰላችን አስቀድሞ የቆመውን እንጠብቅ፤ ጥበቡንም ከመልኩ ጋር እናውርስ።