ከደም ዋጋ እስከ ዙር ጥበቃ፤ የለንደን ፖሊስ ከሕዝብ ወሬ ያገኝበት የነበረው መንገድ

በአንድ ሰፈር ወንጀል ሲፈጸም ከፖሊስ አስቀድሞ የሚያውቀው የሰፈሩ ሰው ነው። ሌባው ማን እንደሆነ በትክክል ባይታወቅ እንኳ፣ ሳይሠራ የሚበላው፣ በውድቅት ሌሊት የሚወጣው፣ ትናንት ያልነበረውን ልብስ ዛሬ ለብሶ የታየው ማን እንደሆነ ከጎረቤት ዐይን አይሰወርም። ስለዚህም የማናቸውም የጥበቃ ኃይል ብርታት የሚለካው ከዱላውና ከጠመንጃው ብዛት ይልቅ ሕዝቡ የሚያውቀውን ነገር፣ በሕዝቡ ሳይጠላ ለመስማት በመቻሉ ነው። ይህ ችሎታ በምን ያህል ውጣ ውረድ እንደተገኘና የስንት ሰው ደም እንደፈሰሰበት ለመረዳት ለሚሻ ሰው የለንደን ከተማ ታሪክ ሰፊ ትምህርት ይሰጣል። (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ፖሊስ የሚባል ድርጅት ከመቋቋሙ በፊት እንግሊዞች ወንጀለኛን የመያዙን ግዴታ የጣሉት በመላው የአካባቢ ነዋሪ ላይ ነበር። ንጉሥ ኤድዋርድ 1ኛ በ1285 ያወጡት የዊንቸስተር ሕግ፣ ኡኡታ በተሰማ ጊዜ ሁሉም ወጥቶ ዘራፊውን እንዲያሳድድ፣ ዘራፊው ሳይያዝ ቢቀር ግን የወረዳው ሕዝብ ለተዘረፈው ሰው ካሣ እንዲከፍል ያዝዝ ነበር። ይህ ዐይነቱ አሠራር ለኢትዮጵያዊ አንባቢ እንግዳ አይደለም። አውጫጭኝ ወይም አፈርሳታ ሲባል በኖረው በአገራችን ሥርዓትም የአካባቢው ሰው ሁሉ በአንድ ሜዳ ተሰብስቦ አጥፊው እስኪታወቅ ድረስ እንዳይበተን ይደረግ ነበር፤ የቀረው ይቀጣል፤ አጥፊው ካልተገኘም ዕዳው የጋራ ይሆናል። ሁለቱም ሥርዓቶች የተመሠረቱት ሰው ሁሉ በሚተዋወቅበት መንደር ላይ ነው። በ1700 ገደማ ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ሕዝብ በሰፈረባት ለንደን ግን የአንዱ ጎዳና ሰው የሌላውን ጎዳና ሰው አያውቅም ነበር። ሌሊት ፋኖስ አንጠልጥለው የሚዞሩት ዘበኞችም አብዛኞቹ በዕድሜ የገፉ ድሆች ስለነበሩ የወሮበሎች መሳለቂያ ከመሆን አላለፉም።

መንግሥት ያገኘው መላ ገንዘብ ነበር። በ1692 በወጣ ሕግ መሠረት መንገድ ላይ የዘረፈን ሰው ይዞ ያስፈረደ ሁሉ 40 ፓውንድ እንዲሸለም ተወሰነ። ሌቦች እርስ በርሳቸው እንዲጠቋቆሙም፣ ሁለት ዘራፊዎችን ያስፈረደ ዘራፊ ለራሱ ምሕረት እንዲያገኝ ተፈቀደ። የገንዘቡን ክብደት ለመገመት ያህል፣ ከ137 ዓመት በኋላ እንኳ አንድ ተራ ፖሊስ 40 ፓውንድ ለማግኘት 38 ሳምንት ያህል መሥራት ያስፈልገው ነበር። ሕጉ ሲወጣ የታሰበው በጎ ነው፤ ይሁን እንጂ የሰው ሕይወት በዋጋ ተተመነ፤ ዋጋ ያለው ነገር ደግሞ ነጋዴ አያጣም።

ከነጋዴዎቹ ሁሉ ስሙ የገነነው ጆናታን ዋይልድ ነው። ይህ ሰው በዕዳ ምክንያት ታስሮ ሳለ ከለንደን ሌቦች ጋር ተዋወቀ። ከእስር ከወጣ በኋላ የጠፋ ዕቃ አፈላልጎ የሚመልስ ቢሮ ከፍቶ ይሠራ ጀመር። ንብረቱ የተሰረቀበት ሰው ወደ ዋይልድ ይሄዳል፤ ዋይልድም ዕቃውን «አስፈልጎ» በክፍያ ይመልስለታል። ዕቃውን የሰረቁት ግን በአብዛኛው የራሱ ሰዎች ነበሩ። አልታዘዝ ያለውን ወይም ድርሻው ያነሰበትን ሌባ ደግሞ ራሱ ይዞ ለፍርድ ያቀርብና 40 ፓውንዱን ይቀበላል። ራሱን የታላቋ ብሪታንያና የአየርላንድ የሌባ አዳኞች ጄኔራል ብሎ ሾመ። የሚያስገርመው መንግሥትም እንደ ባለሙያ ይቈጥረው የነበረ መሆኑ ነው። በ1720 ዝርፊያ ስለ በዛበት ምክንያት የንጉሡ አማካሪዎች ሐሳቡን ቢጠይቁት ሽልማቱ እንዲጨመር መከራቸው፤ ተጨመረም። በመጨረሻ ከሌቦች ጋር በመሻረክ የተሰረቀ ዳንቴል ለባለቤቱ በገንዘብ በመመለሱ ተከስሶ ሜይ 24 ቀን 1725 በስቅላት ተቀጣ። በችሎቱ ፊት ራሱን ለመከላከል ያቀረበው ለፍርድ ያበቃቸውን ከ60 የሚበልጡ ሰዎች ስም ዝርዝር ነበር።

ዋይልድ ቢሰቀልም ሕጉ አልተሰቀለም። በ1743 ስለ ዋይልድ ልብ ወለድ ታሪክ የጻፈው ሄንሪ ፊልዲንግ፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ በቦው ስትሪት ዳኛ ሆኖ ሲሾም፣ ታማኝነታቸውን ያረጋገጠላቸውን ጥቂት ሰዎች መርጦ ወንጀለኛ አሳዳጆች አደረጋቸው። የተዘረፈ ሰው ሁሉ የዘራፊውን መልክና የዕቃውን ምልክት ጽፎ ወደ ቦው ስትሪት እንዲልክም በጋዜጣ አስነገረ። እርሱን የተካው ወንድሙ ጆን ፊልዲንግ ዐይነ ስውር ሲሆን፣ ብዙ ሌቦችን በድምፃቸው ለይቶ ያውቅ ነበር ይባላል። ወሬን በአንድ ቦታ አሰባስቦ፣ መዝግቦና አነጻጽሮ መያዝ የተጀመረው በእነዚህ ወንድማማቾች ነው ቢባል ከእውነት አይርቅም። ይሁንና የእነርሱም ሰዎች የሚኖሩት በአብዛኛው በሽልማት ነበር።

ሽልማቱ ያፈራው ፍሬ በ1754 በግልጽ ታየ። ስቲቨን ማክዳንኤል የተባለ ሰው የሚመራው ቡድን ሁለት ወጣቶችን አግባብቶ ዝርፊያ እንዲፈጽሙ አደረገ። የተዘረፈው ሰው የቡድኑ አባል ነበር፤ የያዛቸውም የቡድኑ አባል ነበር፤ ሽልማቱም ለቡድኑ ነበር። ተንኮሉ በአንድ ብርቱ የጥበቃ ሹም ባይጋለጥ ኖሮ ሁለቱ ልጆች ይሰቀሉ ነበር፤ ከዚያ በፊት በእነዚሁ ሰዎች የሐሰት ምስክርነት የተሰቀለ ሰው ነበረና። ጥፋተኞቹ በ1756 አንገታቸውና እጃቸው በእንጨት ተጠርቆ በአደባባይ እንዲቆሙ ሲደረግ ከመካከላቸው አንዱን ሕዝቡ በድንጋይ ወግሮ ገደለው። ከ60 ዓመት በኋላም፣ በ1816፣ ጆርጅ ቮን የተባለ የቦው ስትሪት ዙር ጠባቂ በተመሳሳይ ወንጀል ተፈረደበት። ሕዝቡ ገንዘቡን «የደም ዋጋ» ብሎ ይጠራው ጀመር። ፓርላማውም ጉዳዩን ካስመረመረ በኋላ በ1818 ሽልማቱን በሕግ ሻረው።

እንግዲህ ለንደን ያለ ሽልማትም፣ ያለ ፖሊስም ቀረች ማለት ነው። ፖሊስ ይቋቋም ሲባል ደግሞ እንግሊዞች ወደ ፈረንሳይ እያመለከቱ «እንደዚያ እንሆናለን» ይሉ ነበር። በፓሪስ ፉሼ የተባለው የናፖሊዮን ሚኒስትር ቤቱን ሁሉ በጆሮ ጠቢ እንደ ሞላው ይወራል። ከ1811 ጀምሮም የፓሪስን የወንጀል ክትትል የሚመራው ቪዶክ የተባለ የቀድሞ እስረኛ ነበር። በዚያው ዓመት በምሥራቅ ለንደን ሁለት ቤተሰቦች በተጨፈጨፉ ጊዜ አንድ እንግሊዛዊ መኳንንት፣ በየጥቂት ዓመቱ ጥቂት ሰው ቢታረድ በሰላይና በቤት ፍተሻ ከመኖር እንደሚሻለው ጽፎ ነበር። አስተያየቱ ጨካኝ ይመስላል፤ ሆኖም የብዙዎችን ስሜት የሚገልጽ ነበር።

የአገር ግዛት ሚኒስትሩ ሮበርት ፒል በ1829 የሜትሮፖሊታን ፖሊስን ሲያቋቁሙ ይህን ጥላቻ ሳይዘነጉ ነው። ሁለቱ የመጀመሪያ ኮሚሽነሮች፣ የዋተርሎው ዘማች ቻርልስ ሮዋንና የሕግ ባለሙያው ሪቻርድ ሜይን፣ ፖሊሱ ወታደር እንዳይመስል ሰማያዊ ኮትና ረጅም ባርኔጣ አለበሱት። ሰላይ እንዳይመስልም የደንብ ልብሱ ከሩቅ የሚታይ፣ ቍጥሩም በኮቱ አንገትጌ ላይ የተጻፈ ሆነ። ሴፕቴምበር 29 ቀን 1829 ማታ የመጀመሪያዎቹ ጠባቂዎች ወጡ። (ቍጥር 1 የተሰጠው ሰው በዚያው ቀን በስካር መባረሩ ይነገራል።)

የአዲሱ አሠራር ምሥጢር ያለው ለፖሊሶቹ በተሰጠው መመሪያ ውስጥ ነው። እያንዳንዱ ፖሊስ የራሱ የዙር ክልል አለው። የክልሉን ጎዳና፣ ቅያስና ግቢ ሁሉ ጠንቅቆ እንዲያውቅ፣ በየቤቱ የሚኖሩትንም ሰዎች ሲያያቸው ለመለየት እንዲችል ታዟል። እያንዳንዱን የክልሉን ክፍል ቢበዛ በሩብ ሰዓት አንድ ጊዜ ማየት አለበት። እርምጃው ዝግ ያለ፣ በሰዓት 2 ማይል ተኩል ያህል ነበር። በዚህ እርምጃ የሚሄድ ሰው ከገረድ ጋር ሰላምታ ይለዋወጣል፤ ሌሊት የበሩን መቀርቀሪያ ነካ አድርጎ ያልተዘጋውን ባለቤቱን ቀስቅሶ ያዘጋል፤ የመጠጥ ቤቱ ባለቤት ማን በብድር ይጠጣ እንደነበረና ማን ድንገት በወርቅ እንደ ከፈለ ያወራለታል፤ በመያዣ የሚያበድረው ነጋዴም ያጠራጠረውን የብር ማንኪያ አውጥቶ ያሳየዋል። ከእነዚህ ሰዎች ማንኛቸውም ራሱን ጠቋሚ ነኝ ብሎ አይቈጥርም። ከሚያውቁት ሰው ጋር ተጨዋወቱ እንጂ ማንንም አልሸጡም። ለወሬው የተከፈለ ዋጋ ስለሌለም ወሬ የመፍጠሩ ጥቅም እጅግ አነሰ። ሳምንታዊው ደመወዝ 21 ሺልንግ ነበር፤ ሌባ ቢያዝም ባይያዝም ያው ነው።

በግልጽ የተገኘው አመኔታ ግን በድብቅ ሊጠፋ ይችላል። ዊልያም ፖፔይ የተባለ ሳጅን የፖለቲካ ማኅበርተኞችን እንዲከታተል በታዘዘ ጊዜ ችግረኛ ሠዓሊ ነኝ ብሎ ማኅበራቸው ውስጥ ገባ። ስብሰባቸውን በመስማት ብቻ አልተወሰነም፤ ከሁሉ ይልቅ ደፍሮ ይናገር፣ መንግሥትንም ይራገም፣ ሌሎቹንም ያነሣሣ ነበር። አንድ አባል በፖሊስ ጣቢያ ውስጥ አይቶት ጉዱ ወጣ። የፓርላማው መርማሪ ኮሚቴ በ1833 ባቀረበው ሪፖርት፣ ፖሊስ አልፎ አልፎ የሲቪል ልብስ መልበሱን ባይቃወምም፣ የፖፔይን አድራጎት በብርቱ አወገዘ፤ ሰውየውም ከሥራ ተባረረ። ልብ ሊባል የሚገባው የዘመኑ ስሜት ነው። በዚያው ዓመት በሜይ ወር ሰላማዊ ሰልፍ ሲበተን ሮበርት ካሊ የተባለ ፖሊስ በስለት ተወግቶ ሞተ፤ አሟሟቱን የመረመሩት የለንደን ነጋዴዎችና የእጅ ባለሙያዎች ግን ግድያው የሚያስጠይቅ አይደለም ብለው ፈረዱ። ውሳኔው በበላይ ፍርድ ቤት ቢሻርም፣ ፖሊስ በሰላይነት ከተጠረጠረ ሕዝቡ ከማን ጋር እንደሚቆም ኮሚሽነሮቹ ተረዱት። ከዚያ በኋላ ለዓመታት ሰውን በድብቅ ከማሰማራት ተቈጠቡ።

መቈጠቡ የራሱን ችግር አመጣ። በኤፕሪል 1842 አንድ ዙር ጠባቂ ከመያዣ ነጋዴ ሱቅ የተሰረቀ ሱሪ ሲፈልግ፣ ዳንኤል ጉድ የተባለ የሠረገላ ነጂ በሚሠራበት ጋጣ ውስጥ የሴት ሬሳ አገኘ። ጉድ ፖሊሱንና አብረውት የነበሩትን ከውጭ ቈልፎባቸው አመለጠ። ከዚያ በኋላ የለንደን ፖሊስ ክፍሎች እርስ በርሳቸው ሳይነጋገሩ፣ አንዱ ትናንት ከለቀቀው ቤት ሌላው ዛሬ እየደረሰ፣ በጋዜጦች እየተተቹ ሰነበቱ። ነፍሰ ገዳዩን ያገኘው ከእነርሱ አንዱም አይደለም። በኬንት አውራጃ በምትገኘው በቶንብሪጅ ከተማ ሥራ ላይ የነበረ አንድ ሰው አየውና ማንነቱን ለየው። ይህ ሰው ቀደም ሲል ጉድ ይኖርበት በነበረው አካባቢ ዙር ጠባቂ ፖሊስ ነበረ፤ ደንብ ልብሱን ከመለሰ በኋላም የክልሉን ሰው መልክ አልረሳም። ጉድ በሜይ ወር ተሰቀለ።

ኮሚሽነሮቹ ከዚህ ነገር የወሰዱት ትምህርት ግን ሌላ ነበር። በዚያው ዓመት ሁለት ኢንስፔክተሮችና 6 ሳጅኖች ያሉበት የወንጀል ምርመራ ክፍል አቋቋሙ። አዲሶቹ መርማሪዎች የተወሰነ ክልል የላቸውም፤ በየሰፈሩ የሚያውቃቸው ሌባው እንጂ ነዋሪው አይደለም። ደራሲው ቻርልስ ዲከንስ በ1851 ከኢንስፔክተር ፊልድ ጋር አንድ ሌሊት በለንደን ጨለማ ሰፈሮች ዞሮ በጻፈው ጽሑፍ፣ ኢንስፔክተሩ በየጉረኖው ሲገባ ሌቦቹ እንደ መምህራቸው ተነሥተው ይቀበሉት እንደነበረ በአድናቆት ይተርካል። በእርግጥም የሚያስደንቅ ዕውቀት ነው። ነገር ግን አድናቂው ደራሲ ያላሰበው አንድ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም በዚህ መተዋወቅ ማን ማንን ይጠቀምበት እንደነበረ ነው።

መልሱ በ1877 ተሰማ። ዊልያም ከርና ሃሪ ቤንሰን የተባሉ አጭበርባሪዎች በፈረስ እሽቅድምድም ውርርድ ስም ከአንዲት ፈረንሳዊት ባላባት ብቻ 10,000 ፓውንድ ያህል ዘርፈው ነበር። የእስር ማዘዣ በወጣ ቍጥር አስቀድመው ያውቃሉ። ማይክልጆን የተባለው መርማሪ ለዓመታት በጥቅም ተይዞ ሲነግራቸው ኖሯል፤ ብዙ ቋንቋ የሚያውቀው ድሩስኮቪች ደግሞ ዕዳ አስጨንቆት 60 ፓውንድ በመበደር ነበር የተጠመደው። በዚህ ጊዜ ጠቋሚና ፖሊስ ቦታ ተለዋውጠው ነበር ማለት ይቻላል። አጭበርባሪዎቹ ከተፈረደባቸው በኋላ ከእስር ቤት እየመጡ በመርማሪዎቹ ላይ መሰከሩ፤ ማይክልጆን፣ ድሩስኮቪችና ፓልመር ከአንድ ጠበቃ ጋር እያንዳንዳቸው የሁለት ዓመት ከባድ የጉልበት ሥራ እስራት ተፈረደባቸው።

የምርመራው ክፍል በ1878 እንደገና ተደራጀ። እንዲመራውም ሃዋርድ ቪንሰንት የተባለ የ28 ዓመት ጠበቃ ተሾመ። ለሹመቱ ያበቃው ወደ ፓሪስ ሄዶ፣ እንግሊዞች እንደ ጦር ይፈሩት የነበረውን የፈረንሳይን ፖሊስ አሠራር አጥንቶ ያቀረበው ሪፖርት ነበር።