ካርሊን የማን ነው?

በጁን 2022 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ለግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል ጸንቶ የኖረውን የውርጃ መብት ሲሽር፣ ውሳኔው ያንገበገባቸው ሰዎች በማኅበራዊ ሚዲያ ከተቀባበሏቸው ቪዲዮዎች አንዱ በ1996 የተቀረጸ የቀልድ ዝግጅት ነበር (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ጥቁር የለበሰ ሽበታም ሰው መድረኩ ላይ እየተንጎራደደ፣ ላልተወለደ ልጅ የሚንሰፈሰፉት ፖለቲከኞች ልጁ ከተወለደ በኋላ ለምን ዞር ብለው እንደማያዩት ይጠይቃል። ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ፣ ኮሮና ሰውን ሁሉ ቤቱ በዘጋበት ወቅት፣ በማስክና በእገዳ የተማረሩ ሰዎች የዚያኑ ሰው የ1999 ቪዲዮ ያዞሩ ነበር። በዚያኛው ደግሞ አሜሪካውያን ጀርም መፍራት ማብዛታቸውን ያላግጣል፤ በልጅነቱ ፍሳሽ በሞላበት የሐድሰን ወንዝ መዋኘቱ ሰውነቱን እንዳጠነከረለት ይፎክራል። የፊተኞቹ ግራ ዘመሞች፣ የኋለኞቹ በአብዛኛው ቀኝ ዘመሞች ናቸው። በሁለቱም ቪዲዮዎች የሚታየው ኮሜዲያን ጆርጅ ካርሊን ግን ጁን 22 ቀን 2008 በ71 ዓመቱ ሞቷል። የሞተ ምስክር ለጠሪው ይመቻል፤ መስቀለኛ ጥያቄ የሚያቀርብለት የለም።

በሙት ስም መናገር ለእኛም እንግዳ አይደለም። አለቃ ገብረሐና ካረፉ ከመቶ ዓመት በላይ ቢሆናቸውም ባለቤቱ ያልታወቀ ቀልድ ሁሉ ዛሬም «አለቃ እንዲህ አሉ» ተብሎ ይወራል። ካርሊን ላይ ይኸው ነገር የጀመረው ገና በሕይወት እያለ ነው። ስለ ዘመናችን መራቆት የሚያለቃቅስ አንድ ጽሑፍ በስሙ በኢሜይል ዓለምን ዞረ። ጽሑፉ ቦብ ሙርሄድ የተባለ አሜሪካዊ ፓስተር የጻፈው ነበር። ካርሊን የእኔ አይደለም ብሎ አስተባበለ፣ ጨርሶ እንደማይወደውም አልደበቀም። እግዚአብሔር የለም እያለ መድረክ ላይ ሲምል የኖረ ሰው ስብከት ሲለጠፍበት ሌላ ምን ይበል? በጃንዋሪ 2024 ደግሞ አንድ ፖድካስት ድምፁን በሰው ሠራሽ አስተውሎት አስመስሎ አንድ ሰዓት ያህል የሚወስድ «አዲስ» ዝግጅት አወጣ። የውርሱ አስተዳዳሪዎች ከሰሱ፤ ጉዳዩ በስምምነት አልቆ ቀረጻው ተነሣ።

ሁሉም የእኔ ነው የሚለው ሰው የማንም አልነበረም ማለት ቀላል ነው። እኔ ግን አልስማማበትም። ካርሊን ፓርቲ አልነበረውም፤ ወገን ግን ነበረው፤ ያንንም ወገን እስከ መጨረሻው አልለቀቀም። ይህን ለማየት እሱ ከመምጣቱ በፊት መድረኩ ላይ የነበሩትን ማወቅ ይጠቅማል።

በ1953 መጨረሻ ሞርት ሳል የሚባል ወጣት ሹራብ ለብሶ፣ ጋዜጣ ይዞ ሳን ፍራንሲስኮ በሚገኘው ሀንግሪ አይ የተባለ የምሽት ክበብ መድረክ ላይ ወጣ። እስከዚያ ድረስ የአሜሪካ ቀልደኛ ስለ ሚስቱና ስለ አማቱ ነበር የሚያወራው፤ ሳል ስለ ፕሬዚዳንት አይዘንሃወርና ስለ ሴናተር ማካርቲ አወራ። በ1960 ምርጫ ለጆን ኬኔዲ ቀልድ ጽፎ ሰጠ፤ ኬኔዲ ሲያሸንፍ ግን ፊቱን አዙሮ እሱኑ ይቀልድበት ጀመር። የሊበራሎቹ ወዳጅነት ያን ጊዜ ቀዘቀዘ። ኬኔዲ ከተገደለ በኋላ ሳል ግድያውን ያጣራውን የዋረን ኮሚሽን ሪፖርት መድረክ ላይ ይዞ እየወጣ ያነብ ነበር፤ ሥራውም እየጠፋ ሄደ፤ በኋላም ከሮናልድ ሬገን ጋር ተወዳጀ። የሳል መመሪያ ሥልጣን ላይ ያለውን መንካት ነው፣ ማንም ይሁን ማን። መመሪያው ያምራል፣ ግን ለማን ተብሎ እንደሚነካ አይናገርም።

ዲክ ግሪጎሪ ለማን እንደሆነ ያውቅ ነበር። በጃንዋሪ 1961 በቺካጎው ፕሌይቦይ ክለብ በነጭ ታዳሚ ፊት ስለ ዘር መድልዎ ቀልዶ ታወቀ። በ1963 በበርሚንግሃም ሰልፍ ታሰረ፤ በ1968 ለፕሬዚዳንትነት ተወዳደረ። ቀስ በቀስ መድረኩን ለሰልፍና ለጾም አድማ እየተወ ሄደ።

ካርሊን በእነዚህ ሰዎች ዘመን ምን ይሠራ ነበር? ሱፍና ከረባት አድርጎ በኤድ ሱሊቫን የቴሌቪዥን ዝግጅት ላይ ሁሉንም የሚያስቅ፣ ማንንም የማያስቀይም ቀልድ ያቀርብ ነበር። ሰውዬው የተወለደው በ1937 ኒው ዮርክ ውስጥ ነው። ያደገበትን የማንሃተን ሰፈር እሱና ጓደኞቹ «ነጩ ሃርለም» ይሉት ነበር፤ እናቱ ከባሏ ተለይታ በጸሐፊነት ሥራ ብቻዋን አሳደገችው። ትምህርቱን አቋርጦ አየር ኃይል ገባ፣ እዚያም ሦስት ጊዜ ለወታደራዊ ፍርድ ቀርቦ በ1957 ተሰናበተ። ለአለቃ መታዘዝ አይሆንለትም ነበር፤ የፖለቲካው ሥር እዚህ ነው ብዬ አምናለሁ። በዲሴምበር 1962 ቺካጎ ውስጥ ኮሜዲያኑ ሌኒ ብሩስ በጸያፍ ንግግር መድረክ ላይ ሲያዝ ካርሊን ከታዳሚው መካከል ተቀምጦ ነበር። ፖሊሶቹ መታወቂያ ሲጠይቁት በመታወቂያ አላምንም አላቸው። ከብሩስ ጋር በአንድ መኪና ተጭኖ ሄደ። በማግሥቱ ግን ወደ ሱፉ ተመለሰ፤ ሱፉን ለማውለቅ ስምንት ዓመት ያህል ፈጀበት።

ያወለቀው የሚያስቃቸው ሰዎች የሚወዳቸው ሰዎች ወላጆች መሆናቸው ሲገባው እንደሆነ ኋላ ላይ ራሱ ተናግሯል። ልጆቹ የቬትናምን ጦርነት በየጎዳናው እየተቃወሙ ነው፤ እሱ ላስ ቬጋስ ውስጥ ለአባቶቻቸው ይቀልዳል። በ1970 ፍሮንቲየር ሆቴል በስድብ ቃል ምክንያት አባረረው። ጢሙን አሳደገ፣ ጸጉሩን አስረዘመ፣ በትንሽ ክፍያ በቡና ቤቶችና በዩኒቨርሲቲዎች መዞር ጀመረ። በ1972 በቴሌቪዥን የማይባሉትን ሰባት ቃላት እየቆጠረ የሚያፍታታበትን ዝነኛ ቀልዱን በሸክላ አሳተመ፤ በዚያው ዓመት ሚልዋኪ ላይ በዚሁ ቀልድ ታሰረ፤ ዳኛው ግን ክሱን ዘጋው። በኦክቶበር 1973 ደብሊው ቢ ኤ አይ የተባለ የኒው ዮርክ ሬዲዮ ከዚሁ ዘር የሆነ ሌላ ቀልዱን ቀን ላይ አስተላለፈ። አንድ አባት ልጄ አብሮኝ መኪና ውስጥ ሰማ ብሎ አቤት አለ። ክርክሩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በ1978 በአምስት ለአራት ድምፅ የመንግሥት ተቆጣጣሪው አካል አሸነፈ። ፍርድ ቤቱ በሬዲዮ ቀን ቀን አይነገር ያለውን ንግግር ሙሉ ቃል ከውሳኔው ጋር አባሪ አድርጎ አተመው። ካርሊን ራሱ ቢጽፈው ከዚህ የተሻለ መደምደሚያ ባላገኘለት ነበር።

ቀጣዮቹን ዓመታት ዘለል አድርገን እንለፍ፤ የኮኬይን፣ የግብር ዕዳና የልብ ሕመም ዓመታት ናቸው። ከዚያ የወጣው ካርሊን የበለጠ መራራ ነበር፣ ይበልጥም የነጠረ። በ1990 ባቀረበው ዝግጅት፣ በጦርነት አእምሮው የታወከ ወታደር መጠሪያው በየጦርነቱ እየረዘመና እየለዘበ፣ ሕመሙም ከቃሉ ውስጥ እየጠፋ መሄዱን ከአንደኛው የዓለም ጦርነት እስከ ቬትናም ደረጃ በደረጃ አሳየ። እዚህ ላይ ነው ቀኝ ዘመሞች የሚያጨበጭቡት፤ ምክንያቱም ካርሊን የሊበራሎችንም የተሽሞነሞነ አነጋገር አልማረም። በ1992 በኒው ዮርክ ባቀረበው ደግሞ የባሕረ ሰላጤውን ጦርነት አብጠለጠለ፤ በዚያው ዝግጅት ዞሮ የአካባቢ ጥበቃ ተቆርቋሪዎችን ያዘ። ምድርስ ትኖራለች፣ ጠፊው ሰው ነው አለ። በመጀመሪያው ያጨበጨበው ሰው በሁለተኛው ፈገግታው ደረቀ።

ከዚህ ብቻ ተነሥቶ «ሁሉንም እኩል ነው የሚመታው» ማለት ይቻል ነበር። በዚያው በ1990 የቴሌቪዥን ጠያቂው ላሪ ኪንግ ስለ አንድሩ ዳይስ ክሌይ ባይጠይቀው ኖሮ። ክሌይ ያኔ በሴቶች፣ በግብረ ሰዶማውያንና በስደተኞች እየቀለደ ስታዲየም የሚሞላ ኮሜዲያን ነበር። ለካርሊን ወጥመድ ነው፤ በቃላት ምክንያት ታስሮ፣ ስሙ ከጠቅላይ ፍርድ ቤት ክርክር ጋር ተያይዞ የኖረ ሰው የሌላውን አፍ ይዘጋ? አልዘጋም። የመናገር መብቱን እደግፋለሁ አለ። ግን ቀልድ ከጥንትም ሲያነጣጥር የኖረው ባለሥልጣኖች ላይ ነው፣ የክሌይ ዒላማዎች ግን የተገፉ ሰዎች ናቸው፣ ይህ እንግዳ ነገር ነው ሲል ጨመረ። በእኔ እምነት የካርሊን የፖለቲካ መታወቂያ ይህ መልስ ነው። ጀርሙንም፣ ውርጃውንም፣ ጦርነቱንም በዚህ ሚዛን ስናየው አንድ መስመር ይይዛል። ከላይ ያለው ሰው ታች ያለውን በፍርሃት፣ በሃይማኖት ወይም በለዘበ ቃል እንዳያታልለው ነው ሩጫው። የሚያምሩ ቃላት ከግራም ከቀኝም ስለሚመጡ እሱም ወደ ሁለቱም ይተኩሳል። ያለ ገደብ መሳደብን እንደ ጀግንነት የሚቆጥሩ የዛሬ ኮሜዲያን አባታችን ካርሊን ነው ሲሉ፣ ይህን ቃለ ምልልስ ቢያዩት እላለሁ።

በ2005 ዝግጅቱ ይህንኑ ሐሳብ እስከ ጥግ ወሰደው። አገሪቱ ባለቤቶች አሏት፤ መሬቱን፣ ኩባንያውን፣ ሕግ አውጪውንና ዜና ማሠራጫውን ይዘዋል፤ የሚፈልጉት አስተዋይ ዜጋ ሳይሆን ታዛዥ ሠራተኛ ነው አለ። ከሁሉም ንግግሮቹ ምናልባት ይበልጥ የሚዘዋወረው ይህ ነው፤ ማንም ሰው ባለቤቶች የሚላቸውን ሰዎች የራሱን ጠላቶች አድርጎ መስማት ይችላልና።

የማልቀበለው ከዚህ ሐሳብ ያወጣውን መደምደሚያ ነው። ገና በ1996 መድረክ ላይ ድምፅ አልሰጥም ብሎ ፎክሮ ነበር፤ ማማረር የማይገባው የመረጠ ሰው ነው፣ ሹመኞቹን ያመጣው እሱ ነውና፣ እያለ አሳቀ። ቀልዱ ያስቃል፣ ሐሳቡ ግን ሰነፍ ነው። የቴሌቪዥን ጣቢያው ኤች ቢ ኦ በየጥቂት ዓመቱ አንድ ሰዓት የሚሰጠው ሰው ድምፅ መስጫው ባይኖርም ድምፅ አለው። ሌላው ምን አለው?

በ1962 መጨረሻ በሚሲሲፒ ሌፍሎር የምትባል አውራጃ ውስጥ ጥቁሮች በመራጭነት ለመመዝገብ መሞከር ጀምረው ነበር። የአውራጃዋ ነጭ ሹማምንት ለድኾች ይታደል የነበረውን የፌዴራል መንግሥት የእርዳታ ምግብ አቋረጡ፤ ብዙዎቹ ጥጥ ለቃሚዎች ናቸው፣ በብርዱ ወራት ሌላ የሚበሉት የላቸውም። ዲክ ግሪጎሪ ቺካጎ ላይ ምግብ አሰባስቦ በአውሮፕላን ጭኖ ወረደላቸው፤ በቀጣዩ ዓመት ጸደይም ተመልሶ ግሪንውድ ከተማ ከተመዝጋቢዎቹ ጋር ፖሊስ ፊት ተሰለፈ። የሌፍሎር ባለቤቶች ድምፅ መስጠት ከንቱ ነው ብለው ቢያምኑ ኖሮ፣ ሰው እንዳይመዘገብ ብለው የልጆቹን ዱቄት ባልከለከሉ ነበር።