ከ«አእምሮ» ጋዜጣ እስከ አዴት ማሳ

ጥቂት መስመር ጽፎ ለብዙ ሰው የማድረስ ሥራ በኢትዮጵያ ከመቶ ዓመት በላይ ዕድሜ አለው። በ1890ዎቹ እንድርያስ ካቫዲያስ የተባለ የግሪክ ተወላጅ በአዲስ አበባ በእጅ የተጻፈ የአማርኛ ወሬ በየሳምንቱ ያወጣ ነበር። ቅጂው 24 ብቻ ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ «አእምሮ» የሚል ስም ሰጡት፤ በኋላም በማባዣ መኪና ቁጥሩ ወደ 200 ከፍ አለ። መኪናው ከድካም የገላገለው ገልባጩን እንጂ ጸሐፊውን አልነበረም። ምን ይጻፍ፣ እውነት ነው ወይስ አይደለም የሚለው ጥያቄ እንደ ቀድሞው ከሰው ራስ አልወረደም።

ይህ ሁሉ ግን የቤተ መንግሥትና የከተማ ነገር ነበር። የገጠሩ ሕዝብ ወሬ የሚሰማው ነጋሪት ተጎስሞ አዋጅ ሲነገር ነው፤ ገበያተኛውም የሰማውን በቃሉ ይዞ ወደ ቀዬው ይመለሳል። የዕለት ጽሑፍ ወደ ማሳ ለመድረስ ብዙ ዘመን ፈጅቶበታል።

አዴት ከባሕር ዳር በስተደቡብ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በይልማና ዴንሳ ወረዳ የምትገኝ ከተማ ናት። በ1970ዎቹ መጨረሻ የተቋቋመው የግብርና ምርምር ማዕከሏ በስንዴ፣ በጤፍና በድንች ላይ ሲመራመር ኖሯል። የስንዴ አገር የዕለት ወሬ ለምን እንደሚያሻው ዋግ ያስረዳል። ዋግ በነፋስ የሚጓዝ የሻጋታ በሽታ ነው። በ2003 ዓ.ም. መግቢያ የተነሣው ቢጫ ዋግ ኩብሳና ጋላማ የተባሉትን፣ በአገሪቱ በሰፊው ይዘሩ የነበሩ ዝርያዎች፣ ክፉኛ ጎዳ። መድኃኒቱ የሚረዳው በጊዜው ከተረጨ ነውና፣ እንደዚህ ያለው ዓመታዊ መጽሔት ይቅርና ወርኃዊውም አይደርስለትም።

በ2006 ዓ.ም. የግብርና ትራንስፎርሜሽን ኤጀንሲ፣ ገበሬው በ8028 ያለ ክፍያ ደውሎ ምክር በድምፅ የሚሰማበትን አገልግሎት ጀመረ። ጥቂት ዓመታት ቆይቶም የኢትዮጵያ የግብርና ምርምር ኢንስቲትዩት፣ ዓለም አቀፉ የበቆሎና ስንዴ ማሻሻያ ማዕከል፣ የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲና የብሪታንያ የአየር ትንበያ መሥሪያ ቤት ተባብረው፣ የማሳ ቅኝትንና የአየሩን ጠባይ እያዛመደ ዋግ ወዴት እንደሚዛመት በየዕለቱ የሚያሰላ የኮምፒውተር ሥርዓት ሠሩ። ስሌቱ የመኪና ነው፤ ስሌቱን ወደ ምክር የሚለውጡት ግን ባለሙያዎች ነበሩ።

ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በሰፊው የታወቀው ሰው ሠራሽ አስተውሎት እጁን ያስገባው በዚሁ በመጨረሻው ሥራ ነው። ረጅም ዘገባ ሲሰጡት በደቂቃ ውስጥ አጭር የኢሜይል ማስታወቂያ ያረቅቃል። በየጧቱ አንድ ገጽ ማውጣት ለተጣለበት ባለሙያ ይህ ቀላል እርዳታ አይደለም፤ የሚንቀውም በየዕለቱ ጽፎ የማያውቅ ሰው ነው።

ይሁን እንጂ መኪናው ብዙውን የተማረው ከእንግሊዝኛ ነው፤ ያነበበው አማርኛ ጥቂት ነው። «ዋግ» የስንዴ በሽታ ነው፤ ዋግ ደግሞ አገር ነው። «ይመታል» የሚለው ቃል በጽሑፍ አንድ ሆኖ ሳለ ሲላላ መቺውን፣ ሲጠብቅ ተመቺውን ይናገራል፤ ፊደሉ ማጥበቂያ ምልክት ስለማይጽፍ አንባቢው የሚለየው ከነገሩ አካሄድ ነው። ከሁሉ የሚያሰጋው ግን ሰዓቱና ቀኑ ነው። በእንግሊዝኛ ዘገባ «ከ8 ሰዓት በፊት ይረጭ» የተባለው ምክር ቁጥሩ እንዳለ ቢገለበጥ፣ ለአዴት ገበሬ 8 ሰዓት ፀሐይ የከረረበት ከቀትር በኋላ ነው። ጁላይ 15 የተባለው ሐምሌ 15 ሆኖ ቢጻፍም ርጭቱ አንድ ሳምንት ይዘገያል፤ በዚያ ሳምንት ዋግ ሥራውን አይተውም።

በረጅም ጽሑፍ ውስጥ እንዲህ ያለው ስሕተት ከፊቱና ከኋላው ባለው ዐረፍተ ነገር ይጋለጣል። ባለ ሁለት መስመር ማስታወቂያ ግን ምስክር የለውም። የካቫዲያስ 24 ቅጂ በእጅ ሲገለበጥ እያንዳንዱ ወረቀት በሰው ዓይን ሥር ያልፍ ነበር፤ ዛሬ አንድ መስመር ማንም ሳያነበው ብዙ ሺህ ስልክ በአንድ ጊዜ ሊደርስ ይችላል። መልእክቱ የደረሰው ገበሬ ግን ነገሩ ሲያጠራጥረው «ይህን ያለው ማነው?» ብሎ የሚጠይቀው መኪናውን ሳይሆን የቀበሌውን የልማት ሠራተኛ ነው።