ወንዝ በደጅ፣ ወፍጮ በጓዳ

ከደጀን ተነሥቶ በብቸናና በደብረ ወርቅ በኩል ወደ ሞጣ የሚጓዝ ሰው ሁለት ነገሮችን ሳያስተውል አያልፍም። አንደኛው ጤፍና ስንዴ የሚበቅልበት ሰፊ የእርሻ ምድር ነው፤ ሁለተኛው እንደ ሙጋና እንደ ሱሃ ያሉት፣ ከጮቄ ተራራ ፈልቀው ወደ ዓባይ ሸለቆ የሚወርዱት ወንዞች ናቸው። እህልና ውሃ እንዲህ ተጎራብተው ሳለ፣ በየቤቱ እህሉን ዱቄት ሲያደርግ የኖረው ግን የሴት ክንድ እንጂ የወንዝ ጉልበት አልነበረም።

በሜዲትራኒያን ባሕር ዙሪያ ውሃ ይህን ሸክም መረከብ የጀመረው ከሁለት ሺህ ዓመት በፊት ነው። ሮማዊው መሐንዲስ ቪትሩቪየስ የውሃ ወፍጮን አሠራር በመጽሐፉ ገልጾታል። በደቡብ ፈረንሳይ፣ በአርል ከተማ አጠገብ፣ በባርቤጋል 16 መንኰራኵሮች የነበሩት የሮማውያን ወፍጮ ፍርስራሽ ዛሬም ይጎበኛል። አሠራሩ በቀላል ዓይነቱ ሲታይ ረቂቅ አይደለም። ከወንዝ የተጠለፈ ውሃ በቦይ ይመጣል፤ በአሸንዳ ተወርውሮ የመንኰራኵሩን ክንፎች ይመታል፤ ቋሚው ዘንግም የላይኛውን ድንጋይ በታችኛው ላይ ያሽከረክረዋል።

የእኛ ወፍጮ ደግሞ ሌላ ነው። ወፍጮው በመደብ ላይ ተደላድሎ ይቀመጣል፤ ሴቲቱ ከበላዩ አጎንብሳ መጁን በሁለት እጆችዋ ትገፋለች፣ ትስባለች። እህሉ መጀመሪያ ይሸረከታል፤ ከዚያም እስኪልም ድረስ ደጋግሞ ይፈጫል። ድንጋዩ ሲለሰልስ ይወቀራል። ሥራው ሌሊት፣ ዶሮ ሳይጮኽ ይጀመራል፤ ድግስ ሲመጣ ደግሞ ማብቂያ የለውም።

ወንዙ በደጅ እየፈሰሰ ክንድ ለምን ደከመ? የደጋው ወንዝ በክረምት ይሞላል፣ በበጋ ይጎድላል፤ ቦይ መቆፈር፣ መንኰራኵር መጥረብም የጋራ ወጪ ይጠይቃል። ይህ ሁሉ እውነት ነው። በእኔ እምነት ግን ከሁሉ የከበደው ምክንያት የፈጪዋ ድካም ዋጋ ያልተተመነለት መሆኑ ነው። በባላባቱ ቤት ባርነት በ1934 ዓ.ም. በአዋጅ እስኪሻር ድረስ ባሪያዪቱ፣ በገበሬው ቤት ሚስቲቱና ልጅቱ ይፈጩ ነበር። ነጻ የመሰለን ጉልበት ለመቆጠብ ማንም መንኰራኵር አይሠራም።

ዛሬ የሞተርና የኤሌክትሪክ ወፍጮ ይህን ድካም አቅልሎአል። ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የታላቁ የሕዳሴ ግድብ ተርባይኖችም ቢሆኑ ከጥንቱ የውሃ መንኰራኵር የሚወለዱ ናቸው። ከጮቄ ወርዶ ከዓባይ ጋር ሲያልፍ የኖረው ውሃ፣ በሽቦ ተመልሶ እህል ሊፈጭ የሚችልበት ዘመን ደርሶአል።

ባርቤጋል ፍርስራሹን ትቶልናል። የጎጃም ደጋ ፈጪዎች የተዉልን ግን መካከሉ የጎደጎደ ወፍጮና የመነመነ መጅ ነው፤ እርሱም በየጓሮው ይጣላል፣ በየአጥሩ ይካባል። ያ ጉድጓድ የተቈፈረው በክንድ ነው። የማኅበራችን አባላት ለሥራ ወደ ገጠር ሲወጡ እንዲህ ያለውን ድንጋይ ቢለኩት፣ ፎቶግራፍ ቢያነሡት፣ ከሁሉም በላይ የፈጩበትን እናቶች በሕይወት ሳሉ ጠይቀው ቢመዘግቡ፣ ማንም ያልጻፈውን የምህንድስና ታሪክ ምዕራፍ ከመጥፋት ያድኑታል።